«የሰነፍ መምህር ጥያቄ»? ሐሰት!

ደብዳቤውን ቴሌግራም ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። እዚሁ ድሬዳዋ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለመምህራኑ የበተነው ነው። ስሙን አልጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። «ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ በማንኛውም ፈተና እውነት ወይም ሐሰት የሚል ጥያቄ ፈጽሞ አይካተትም» ይላል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ምክንያት የለውም። ምክንያቱ በስብሰባ ላይ በቃል ነው የተነገረው። እዚያ የምታስተምር ጓደኛዬ እንዳለ ነገረችኝ። «እውነት ሐሰት የሰነፍ መምህር ጥያቄ ነው። ሳንቲም ወርውሮም 50 ይመጣል።»

ሰነፍ። ይቺን ቃል ዋጥ አድርጌ ላልፋት ሞክሬ ነበር። አልወረደችልኝም።

ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር 17 ዓመቴ ነው። አንድ ደህና የእውነት ሐሰት ጥያቄ ስንት ሰዓት እንደሚበላ የማውቀው እኔ ነኝ። አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አቦሉ ላይ ጀምሬው በረካው ሲቀዳም ገና እየሰረዝኩ ነው። የእኛ ርዕሰ መምህር ደግሞ ሰሞኑን «እኛም እናስብበት» ማለት ጀምሯል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በዚያ ስብሰባ ከተባለው ሁሉ ያሳቀኝን ላስቀድም። «የ12ኛ ክፍል ውጤት እንዲህ የወረደው ልጆቹ ከታች ጀምሮ በእውነት ሐሰት ግምት ስለለመዱ ነው» ተባለ አሉ። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። ቁጥሩ ያማል፣ ማንም አይክድም። ግን ልጆቹ የወደቁት በምን ዓይነት ጥያቄ ነው? በምርጫ! ከላይ እስከ ታች ምርጫ ነው። ታዲያ በምርጫ ለወደቀ ልጅ እውነት ሐሰት ምን አድርጎ ነው የሚከሰሰው? በዚያ ስሌት ከሄድን መታገድ የነበረበት ምርጫ ነው። እሱን ማገድ ግን አይደፈርም፣ ከላይ የመጣ ነዋ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሳንቲሙ። እሺ፣ እንወርውር። 10 ጥያቄ አለ እንበል። ምንም ሳያነብ በግምት ብቻ የሚሞላ ልጅ 7 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 17 በመቶ ገደማ ነው። ጥያቄውን 20 አድርጉት። 14 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። አሥሩንም በግምት መድፈን ደግሞ ከ1,024 አንዴ የሚሆን ነገር ነው። ይሄንን ሒሳብ የሒሳብ መምህሩ እዚያው ስብሰባው ላይ ሊያሳያቸው ይችል ነበር። ማን ጠየቀው?

ነገሩን ያበላሸው 5 ቁጥር ነው። «ትዕዛዝ አንድ» ብለን 5 እውነት ሐሰት እንደረድራለን፣ ከዚያ ወደ አዛምድ እንሮጣለን። በ5 ጥያቄ 3 እና ከዚያ በላይ በግምት የማግኘት ዕድሉ ልክ ግማሽ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ልብሱ ጠበበ ተብሎ ልጁ አይቆረጥም።

ደግሞ ልጅ ሳንቲም አይደለም። ሮበርት ኢበል የሚባል አሜሪካዊ የምዘና ምሁር ከ50 ዓመት በፊት ለእውነት ሐሰት ጥብቅና ቆሞ ነበር። ተማሪ በጭፍኑ የሚገምተው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሆነች ነገር ያውቃል፣ በእሷ ተመርኩዞ ይወስናል ባይ ነው። ከዚያም አልፎ፣ ዕውቀት የምንለው ራሱ እውነት ወይም ሐሰት ሊባል በሚችል ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነው ይላል። እኔም እላለሁ፣ ሐኪሙ «ወባ ነው» ሲል፣ የባጃጅ መካኒኩ «ፍሬን ሸራው አልቋል» ሲል ሌላ ምን እያደረጉ ነው? ከአራት አማራጭ እየመረጡ ነው?

እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ጥሩ ሐሰት ምን እንደሆነ አልገባቸውም። እውነቱን መጻፍማ ቀላል ነው፣ መጽሐፉ ላይ አለ። ጥሩ ሐሰት ግን ልጁ ሳያውቀው እውነት ብሎ ይዞት የሚዞረው ስህተት ነው። መምህሩ ያንን ስህተት ከልጁ ጭንቅላት ፈልፍሎ ማውጣት አለበት። ሰነፍ ይሄንን አይሠራም።

ስለ ትነት ሳስተምር መጀመሪያ ያወጣሁት ጥያቄ «ውሃ የሚተነው ሲፈላ ብቻ ነው» የሚል ነበር። ክፍሉ ከሞላ ጎደል «ሐሰት» ብሎ አገኘው። ደስ አለኝ። አንዱን ልጅ ጠርቼ ለምን ሐሰት እንዳለ ጠየቅኩት። «ቲቸር፣ ‹ብቻ› ካለ ሁሌ ሐሰት ነው» አለኝ። ስለ ውሃ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔ ትነትን የለካሁ መስሎኝ የለካሁት «ብቻ»ን ነበር።

በዓመቱ «ብቻ»ን አወጣኋት። «ውሃ ለመትነን መፍላት አለበት» ብዬ ጻፍኩ። ከክፍሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው «እውነት» አለ። እስቲ አስቡት! ድሬዳዋ ነን። ሚያዝያ ነው። እናቶቻቸው ልብስ ሲያሰጡ የመጨረሻው ሳይሰቀል የመጀመሪያው የሚደርቅበት ከተማ ነው። በየቀኑ ግቢያቸው ውስጥ የሚያዩትን ነገር ወረቀት ላይ ሲያገኙት አላወቁትም። ትነት ማለት ለእነሱ ምድጃ ላይ ተጥዶ እንፋሎት የሚተፋ ማንቆርቆሪያ ነው፣ ሌላ አይደለም።

ወረቀቱን ከመለስኩላቸው በኋላ መልሱን አልነገርኳቸውም። መሐረቤን ከበርሜሉ ውሃ ነከርኩት፣ ጨመቅኩት፣ የመስኮቱ ብረት ላይ አሰጣሁት። ትምህርቴን ቀጠልኩ። ደወሉ ሊደወል ሲል ጥግ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አስነሳሁና «ሂጂ ንኪው» አልኳት። ነካችው። ገልብጣ ሌላውን ጎኑን ነካችው። ወለሉን አየች፣ የተንጠባጠበ ካለ ብላ። ወለሉም ደረቅ ነው። «ውሃው የት ሄደ?» አልኳት። ትንሽ ቆየችና «አቦ ቲቸር፣ አልፈላም እኮ!» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቦታዋ ተመልሳ «እውነት» የሚለውን ሰርዛ «ሐሰት» ብላ ጻፈች። ማርኳን እንደማልነካው እያወቀች።

እስቲ ይሄንን በምርጫ አምጡልኝ። ምርጫ ሦስት ደህና ስህተት ይፈልጋል። ሦስት! አንዱን ለማግኘት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል እያልኳችሁ ነው። እኛ ሀገር ምርጫ እንዴት እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። «ሀ» እና «ለ» ይታሰብባቸዋል፣ «ሐ» ቦታ ይሞላል፣ «መ» ላይ ሲደረስ «ሁሉም መልስ ናቸው» ተብሎ ይገላገላል። ልጆቹም ነቅተውበታል፣ ካላወቁ «መ» ነው። ስንፍና ፍለጋ የወጣ ሰው እዚያ ቢያንኳኳ ቶሎ ይከፈትለታል።

እውነት ሐሰት መደበቂያ የለውም። ዓረፍተ ነገሩ አለ፣ ልጁ አለ፣ ይቆርጣል። (በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ቲ»ን እና «ኤፍ»ን አዳቅሎ እንደፈለግሽ አንብቢው የሚል ፊደል የሚጽፍ ጮሌ አይጠፋም። ለእሱ መድኃኒቱ «ቃሉን ሙሉውን ጻፍ» ነው። አለቀ።)

በደንብ ያልተሠራ እውነት ሐሰት ሞልቷል ትሉኛላችሁ። ሞልቷል። ግን ክሱ በጥያቄው ነው ወይስ በአወጣጡ?

አንድ የማውቀው መምህር «የጀጎል ግንብ አምስት በሮች አሉት» ብሎ አወጣ። መልሱ «እውነት» ነው አለ። ልጅነቷን ሐረር ያሳለፈች ተማሪ «ሐሰት» ብላ ተሳሳተች ተባለች። ልጅቷ ቆጥራለች! ጥንታዊዎቹ አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ኋላ ለመኪና ተብሎ የተከፈተው ሲጨመር ግን ስድስት ይሆናሉ። አያቷ ቤት ስትሄድ በዚያ ነው የምትገባው። «ጥንታዊ» የምትል አንዲት ቃል ብትገባ ኖሮ ጠቡ አይኖርም ነበር። ያቺን ቃል ያልጻፈው መምህሩ ነው። ማርክ የተቀነሰው ከልጅቷ ነው።

ሌላው ደግሞ አሉታ ነው። «ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚፈስበት ወንዝ አይደለም።» የኛ ልጆች ደቻቱን አያውቁም? በደረቁ ይሻገሩታል፣ አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ያዩ ቤተሰቦች ያሳደጓቸው ናቸው። ግን ከግማሽ በላይ ይሳሳታሉ። ለምን? አማርኛ አሉታውን ግሱ ላይ ለጥፎ ዓረፍተ ነገሩ ማለቂያ ላይ ነው የሚያመጣው። ልጁ መሀል ላይ ሲደርስ «ሐሰት» ብሎ ወስኗል፣ «አይደለም» ዘግይታ ትመጣለች። ስትመጣም ሌላ ጣጣ አለ። «አትሄድም እንዴ?» ሲባል ግማሻችን «አዎ፣ አልሄድም»፣ ግማሻችን «አይ፣ አልሄድም» የምንል ሰዎች ነን። አሁን ልጁ «እውነት» ሲል ምን ማለቱ ነው? ይሄ ስለ ወንዝ የቀረበ ጥያቄ አይደለም። «ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል» ብላችሁ ጻፉት፣ ጣጣው ያልቃል።

ሁለት ነገር በአንድ ላይ ማጨቅም አለ። «ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረችው የባቡር ሐዲዱ በሐረር በኩል ስላለፈ ነው።» ዓመተ ምሕረቱ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ውሸት ነው። ሐዲዱ ተራራውን ሽሽት ሐረርን ስለተዋት ነው እኛ የተገኘነው። ልጁ «ሐሰት» ሲል የቱን እንደጣለ ማን ያውቃል? ሁለት ጥያቄ አድርጋችሁ ለዩት። በነገራችን ላይ ሲለይ ጥያቄው ይበዛል፣ የ5 በሽታም አብሮ ይድናል።

አንድ ነገር አምናለሁ። ልጅ ሐሳቡን አደራጅቶ መጻፍ መቻሉን በእውነት ሐሰት መለካት አይቻልም። ለዚያ ድርሰት አለ። ድርሰት ይቅር ያለ ሰው አላየሁም።

በምትኩ ምን እንደመጣ ደግሞ ጓደኛዬን ጠየቅኳት። አጭር መልስ። ጥሩ! 5 ክፍል ታስተምራለች፣ በየክፍሉ 60 ልጅ፣ 300 ወረቀት። ባለፈው ሳምንት አብረን ሻይ ስንጠጣ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ ነበር የመጣችው። ስታርም አየኋት። የመጀመሪያዎቹን አሥር በጥንቃቄ አነበበች። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ቁልፍ ቃሏን ብቻ ነው የሚፈልገው። ቃሏ ካለች ራይት፣ ከሌለች ኤክስ። ሳምቡሳው ዘይት አንጠባጥቦበት አንዱ ወረቀት ሳይታረም ታለፈ። አልፈርድባትም። ግን ይሄ ነው ከእውነት ሐሰት ይሻላል የተባለው?

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። 20 ጥያቄ አወጣለሁ። እውነቱም ሐሰቱም ወደ ግማሽ ግማሽ ይሆናሉ፣ ተራቸው ግን አይታወቅም። እውነቶቹን አላስረዝምም፤ ልጆች ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያዩ «እውነት» ማለት ይወዳሉ፣ መምህር እውነት ሲጽፍ ማብራሪያ እንደሚያበዛ ነቅተውበታል። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቃል በቃል አልገለብጥም። በየዓረፍተ ነገሩ አንድ ቃል ወይም ሐረግ አሰምርበታለሁ። ትዕዛዙም «ሐሰት ከሆነ የተሰመረበትን አስተካክላችሁ ጻፉ» ይላል። «ሐሰት» ብሎ ብቻ የተወ ግማሽ ማርክ ያገኛል። ሳንቲም ወርዋሪው እዚህ ጋ ይቆማል፣ ሳንቲም አይጽፍማ። እርማቱም አንድ መስመር ነው፣ ዓይን አያደክምም።

ያንን ደብዳቤ አንድ ቀን ለልጆቼ እንደ ጥያቄ አወጣላቸዋለሁ ብዬ ዝቻለሁ። «በማንኛውም» አለ፣ «ፈጽሞ» አለ። አንብበው ሳይጨርሱ «ሐሰት» እንደሚሉት አውቃለሁ። እሱ ግማሽ ማርክ ነው። ማስተካከያውንም ይጽፋሉ።