ማይኩን ከአፌ አርቁልኝ!

ኧረ በሕግ አምላክ! ማይክ አፍ ውስጥ ካልገባ አይሠራም ያለው ማነው?

ደሴ ላይ ቅዳሴ የምንቀድስ ዲያቆናት ብሶት ነው። ዜማ የተማርነው የኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ነው፣ ያለ መብራት፣ ያለ ሽቦ። ሰለልኩላን የሚያህል የቅዳሴ ማስመስከሪያ እኮ ያለው እዚሁ ወሎ ነው! የኔታ "አውጣው፣ አይሰማም" እያሉ ያሳደጉት ድምፅ ነው። ከተማ ስንገባ ማይክ ተደቀነብን። እንዴት እንደሚያዝ ግን ያሳየን የለም።

ማይክ ይቅር አላልኩም። በደሴ ብርድ ጋቢ ተከናንበው ግቢ የሚያስቀድሱ እናቶችም መስማት አለባቸው። ግን ባለፈው እሑድ ምስባክ (ከወንጌል ንባብ በፊት የሚዜመውን የዳዊት መዝሙር) ልሰብክ ስወጣ ሞንታርቦው ፉጨቱን ለቀቀው። ፊት የቆሙት አዛውንት ጆሯቸውን ያዙ። ሚክሰሩ ጋ ያለው ልጅ እኔ ላይ ያፈጥጣል! ወንድሜ፣ ሞንታርቦውን ወደ ማይኩ ያዞርከው አንተ ነህ። የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ ጎልቶ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል። ታዲያ ባይጮህ ነበር የሚገርመው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ድምፅ እየደጋገመ የሚያስተጋባው ኢኮ ነው። (የሠርግ ቤት መሰለው እንዴ?) ዜማችን ምልክት አለው። ቁርጥ ያለበት ላይ ድምፅ እዚያው መቆረጥ አለበት። እኔ ቆርጬ ዝም ካልኩ በኋላ ሞንታርቦው ብቻውን ሲቀድስ ይቆያል። ድምፅ የሚርገበገብበት ርክርኩማ ተደራርቦ ገንፎ ሆኗል። ደረት ላይ (ዝቅ ወዳለው ወፍራም ድምፅ) ስወርድ ደግሞ ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚሰማው፤ እንዲህ ያለ ማይክ ከንፈር ላይ ሲለጠፍ ወፍራሙን ድምፅ ከልክ በላይ ያጎላዋል። ለዚህ ነው ዜማው ከፍ ሲል ራቅ፣ ዝቅ ሲል መጠነኛ ጠጋ የምለው። ራቅ ስል ግን አንዱ የኮሚቴ አባል ከጎን ብቅ ይልና "ጠጋ በል ዲያቆን፣ አይሰማም!" ብሎ መልሶ አፌ ላይ ይለጥፈዋል። የማይሰማ ከሆነ ሚክሰሩ ላይ ከፍ ይደረጋላ!

ኮሚቴውን የጠየቅነው ቅዳሜ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ልጁ ሚክሰሩ ጋ ይቁም፣ እኛ እናዚም፣ አንዱ ግቢ ወጥቶ ያዳምጥ። መልሳቸው? "ሲስተሙ እኮ አዲስ ነው፣ ምን ልምምድ ያስፈልገዋል?" ጆሮ ዳባ ልበስ።

ቅዳሴ ሲያልቅ ደግሞ በር ላይ የምንሰማው፦ "የዛሬው ዲያቆን ድምፅ የለውም።"