ለሁለት አሠሪ የሚሠራ ሰው ሰዓቱን ማን ይደምርለታል?

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ የሚኖር ሐበሻ ይህን ሳምንት አሳምሮ ያውቀዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 3 እስከ ምሽቱ 11፣ አንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ)። ቅዳሜና እሑድ ሌላ ነርሲንግ ሆም፣ ሁለቱንም ቀን ደብል፤ ሁለት ፈረቃ ተያይዞ 16 ሰዓት ማለት ነው። ሲደመር 72 ሰዓት ይሆናል። ይህ 72 ግን የትም አልተጻፈም። አንደኛው አሠሪ 40 ብሎ መዝግቧል፣ ሁለተኛው 32፤ ሁለቱም አልዋሹም። ድምሩን የሚያውቀው የሠራተኛው ገላ ብቻ ነው።

ስለ ሥራ ብዛትና ከእሱ ስለሚመጣው ዝለት ሲነሳ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ ዕረፍት ውሰዱ፣ ስፖርት ሥሩ፣ በደንብ ተኙ። በየትኛው ሰዓት? 72 ሰዓት የሚሠራ ሰው መንገዱንና ልብስ መቀየሩን ስንጨምርበት ከ80 ያላነሰ ሰዓት ከቤቱ ውጭ ነው። ስለ እንቅልፍ ከመምከር በፊት ሒሳቡ መሠራት አለበት፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሁለተኛውን ሥራ የያዘው የሚያስገኘውን በትክክል አስልቶ አይደለም።

የ1938ቱ የአሜሪካ ፌዴራል የሥራ ሕግ አዋቂ ሰው በሳምንት ከዚህ በላይ አይሠራም የሚል ጣሪያ የለውም። ያለው ዋጋ ነው፤ ለአንድ አሠሪ ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራ እያንዳንዱ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ቁልፉ “ለአንድ አሠሪ” የሚለው ነው። በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለው ሰው 72ቱን ሰዓት በሁለት ቦታ ሲሠራ 1,440 ዶላር ያገኛል፤ አንዲት ሰዓት እንኳ ኦቨርታይም አትባልም። ያንኑ 1,440 ዶላር ከአንድ አሠሪ ለማግኘት 61 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ 40ው በ20 ዶላር፣ የቀረው በ30። ልዩነቱ በየሳምንቱ 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። የሁለተኛው ሥራ መንገድ፣ ቤንዚንና የቅዳሜ ሞግዚት ገና አልታሰበም።

ግብሩም ወደዚያው ያደላል። ከ2025 እስከ 2028 በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት የኦቨርታይሙ ጭማሪ፣ በእኛ ምሳሌ ከ30ው ዶላር 10ሩ፣ ፌዴራል የገቢ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ሊቀነስ ይችላል፤ ላላገባ ሰው በዓመት እስከ 12,500 ዶላር። በሁለት ቦታ የተሠራ ሰዓት ግን መደበኛ ደመወዝ ስለሆነ ከዚህ ምንም አያገኝም። እንዲያውም ሁለቱ አሠሪዎች እያንዳንዳቸው “ሌላ ሥራ የለውም” ብለው ስለሚቆርጡ የሚቆረጠው ግብር ያንሳል፣ ኤፕሪል ላይም ዕዳ ይመጣል። አሠሪው ግብር የሚቆርጥበት ደብሊው-4 ቅጽ ላይ ደረጃ 2 የተቀመጠው ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ዘለነው ነው የምንፈርመው።

“አሠሪዬ ኦቨርታይም አይሰጥም” የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ሥራ የተፈጠረውም ከዚያ ነው። ቢሆንም ሁለት ነገር ይጣራ። አንደኛ፣ ሁለቱ ቦታዎች ባለቤታቸው ወይም አስተዳደራቸው የተያያዘ፣ ሠራተኛ የሚዋዋሱ ከሆነ ሕጉ እንደ አንድ አሠሪ ቆጥሮ ሰዓቱ እንዲደመር ሊያስገድድ ይችላል። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ነርሲንግ ሆሞች ከጀርባ የአንድ ኩባንያ ሆነው ሲገኙ እንግዳ ነገር አይደለም። በፔይስተቡ (በደመወዝ ወረቀቱ) ላይ የሚጻፈውን የድርጅት ስም ማነጻጸር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛ፣ ኦቨርታይም የለም የሚል ቤት በበዓልና ሰው በቀረ ቀን ይለምናል። ለሁለተኛው ቤት የተሰጠችውን ቅዳሜ ለመጀመሪያው ማዞር በዚያችው ቀን ሰዓቷን ከ20 ወደ 30 ዶላር ያደርሳታል።

የተሠራ ሰዓት ሳይመዘገብ የሚቀርባቸው ቦታዎችም አሉ። ብዙ ነርሲንግ ሆም የ30 ደቂቃ የምሳ ሰዓት በራሱ ይቆርጣል። ደንቡ ግን ቁርጥ ያለ ነው፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ከሥራ ሙሉ በሙሉ ካልተለቀቁ፣ ሳንድዊች በአንድ እጅ ይዘው ለጥሪ መብራት ከተነሡ፣ ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነው። በሳምንት አምስት ጊዜ ቢደጋገም ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሰው ቤት አድረው አረጋውያን የሚንከባከቡ፣ ሊቭ ኢን የምንላቸው፣ የበለጠ ይጎዳሉ። እዚያው ቤት ነዋሪ ካልሆኑና ፈረቃው ከ24 ሰዓት ካነሰ ተኝተው ያሳለፉትም ጭምር የሥራ ሰዓት ነው። 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ በስምምነት እስከ 8 ሰዓት የእንቅልፍ ሊቀነስ ይችላል፤ ነገር ግን የሚመች መኝታ ከሌለ፣ ወይም አዛውንቷ ሌሊቱን ሙሉ እየቀሰቀሱ ቢያንስ 5 ሰዓት መተኛት ካልተቻለ አይቀነስም። ማስረጃው ትንሽ ደብተር ነው፤ ቀን፣ የተነሡበት ሰዓት፣ የተነሡበት ምክንያት። ያልተከፈለን ክፍያ ለመጠየቅ ሕጉ ሁለት ዓመት ይሰጣል፣ አሠሪው ሆን ብሎ ካደረገው ሦስት። አቤቱታውን የሚቀበለው የፌዴራሉ የሥራ ሚኒስቴር የደመወዝና የሰዓት ክፍል ነው፤ ስልኩ 1-866-487-9243።

ወደ ገላው እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ በ17 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ ከላይ ያሰላነው 61 ሰዓትም ከአደጋው ክልል አልወጣም፤ መንገድ ላይ ያለ ማረፊያ ነው። ዝለትን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ሦስት ምልክት አስቀምጧል፤ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው ልብ መሸሽ፣ የሚሠሩት ነገር ፋይዳ እንደሌለው መሰማት። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ይህ ምን ይመስላል? የጥሪ መብራት ሲበራ አዛውንቷ ምን ፈልገው ይሆን ከማለት ይልቅ “አሁንስ አበዙት” ማለት ይጀምራል። ለሁለት ሰው የተባለውን ሆየር ሊፍት (ሕመምተኛ ማንሻ መሣሪያ) ጓደኛ እስኪመጣ መጠበቅ ስለሚታክት ለብቻ ይሠራበታል። ወገብ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው፣ ወገብ ሲሄድ ደግሞ ሁለቱም ሥራ አብሮ ይሄዳል። ተራ ድካም ሁለት ቀን ቢያርፉ ይለቃል። ሁለት ቀን አርፎ ሰኞ ስኬጁሉን ሲያይ ሆዱ የሚገለበጥበት ሰው ከድካም አልፏል።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ “ይደክመኛል” ብቻ አይበሉ። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ፈረቃ እንደሚሠሩ ተናገሩ። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው የቫይታሚን ዲ እጥረት ሊኖርበት ይችላል፤ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የደም ግፊት፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥም ዝለት መስለው ይመጣሉ፣ ሁሉም ምርመራ አላቸው። መኖር እስከ ማስጠላት ከደረሰ 988 በማንኛውም ሰዓት ይደወላል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ሰዓቱን ዛሬ መቀነስ ለማይችል ሰው ትልቁ ጥያቄ በሁለት ፈረቃ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ምሽት 11 ሰዓት ወጥቶ ጧት 7 የሚገባ ሰው ስምንት ሰዓት ያለው ይመስላል፤ መንገዱ፣ ሻወሩና እራቱ ሲነሱለት የሚተኛው አምስት ቢሆን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በየ24 ሰዓቱ ተከታታይ 11 ሰዓት ዕረፍት ያዛል። አሜሪካ ይህ ሕግ የለም፣ ግን ልኩ ጥሩ ልክ ነው። ሱፐርቫይዘርን “ቀንሱልኝ” ከማለት “የማታው ማግስት ጧት አታስገቡኝ” ማለት ይቀላል፤ እሺ የመባል ዕድሉም ይሻላል፣ ምክንያቱም ቤቱ አንድም ሰዓት አይጎድልበትም።

ከደብል በኋላ መንዳት ለብቻው ይታይ። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይወርዳል፤ 24 ሰዓት ሲሞላ በአብዛኛው ስቴት ሰካራም ከሚያሰኘው 0.08 ያልፋል። የ16 ሰዓት ደብል ሠርቶ 495 አውራ ጎዳና ላይ የወጣ ሰው ከእንቅልፉ ከተነሣ 18 ሰዓት አልፎታል። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጮኽ አይረዳም። የሚረዳው መኪናው ሳይነሣ አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ ወዲያው 20 ደቂቃ መተኛት ነው፤ ካፌይኑ ሥራ የሚጀምረው እሱ ሲነቃ ነው። ከ30 ደቂቃ ካለፈ ግን ደንዝዞ ይነሣል፤ ስልኩ ላይ ማንቂያ ይሞላ። ቅዳሜ ሌሊት ሠርቶ በቀጥታ ቅዳሴ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቁልፉን ለሌላ ይስጥ።

ቡና ካነሣን አይቀር፣ የሌሊት ሠራተኛ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ ቡና እየተፈላ ያገኛል። አቦል፣ ቶና፣ ከዚያ መኝታ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ሰውየው ይተኛል፣ እንቅልፉ ግን ስስ ነው፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይነቃና “ቀን መተኛት አልችልም” ይላል። ጨዋታው ይቅር አልልም፤ ቡናው ከእንቅልፉ በኋላ ይፈላ።

የኡበር ሹፌሮች ነገር የሰዓት ቆጠራውን ጉድለት ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ኡበር ከ2018 ጀምሮ 12 ሰዓት የነዳን ሹፌር ለ6 ሰዓት ይዘጋበታል። ሹፌሩ ሌላውን የታክሲ መተግበሪያ፣ ሊፍትን፣ ይከፍታል። ሊፍትም የራሱ ገደብ አለው፣ የሚቆጥረው ግን የራሱን ብቻ ነው። ከባድ መኪና የሚነዱት ወንድሞቻችን ግን ሌላ ሕግ አላቸው። ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት መንዳት፣ እሱም ሥራ ከጀመሩበት በ14 ሰዓት ውስጥ፤ በ7 ቀን 60 ወይም በ8 ቀን 70 የሥራ ሰዓት። ይህ ሕግ ሹፌሩ በጎን ፓርኪንግ ውስጥ ተቀጥሮ የሠራውን ሰዓት ጭምር እንዲመዘግብ ያስገድዳል። ድምሩን የሚጠይቅ ሕግ መጻፍ ይቻላል ማለት ነው፤ ለ40 ቶን መኪና ሲሆን የተቻለው አልጋ ላይ ያለን አዛውንት ለሚያገላብጥ ሰው ያልተቻለበት ምክንያት አይታየኝም።

መውጫው ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ተነሥቶ ሁለተኛውን ሥራ መተው አይደለም። ከቋሚ ስኬጁል ወደ ፒአርኤን፣ ሲፈልጉ ብቻ ወደሚገቡበት መዝገብ መዛወር ነው፤ ስሙ ከቤቱ አይወጣም፣ ቅዳሜ ግን የራሱ ይሆናል። የጤና ኢንሹራንሱ ከየትኛው አሠሪ እንደሆነ አስቀድሞ ይታይ፤ 50ና ከዚያ በላይ ሙሉ ሠራተኛ ባለው ድርጅት በአማካይ 30 ሰዓት የሚሠራ ሰው ለኢንሹራንስ እንደ ሙሉ ሠራተኛ ይቆጠራል። በሜሪላንድ 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለየ30 ሰዓቱ አንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ከነክፍያው ይሰጣል፣ በዓመት እስከ 40 ሰዓት የሚጠራቀም፤ ሁለት ሥራ ያለው ሰው ከሁለቱም ያጠራቅማል። ሰዓቱን የሚያስረን ግን ብዙ ጊዜ አሠሪው ሳይሆን ቃል የገባነው ወርኃዊ ክፍያ ነው። 20 ሰው ያለበት የ1,000 ዶላር ዕቁብ ውስጥ የገባ ሰው ለ20 ወር ደብሉን ፈርሟል፤ ዕጣው በሦስተኛው ወር ወጥቶለት መኪና ከገዛበት 17ቱን ወር የሚሠራው ላለቀ ገንዘብ ነው። አዲስ ዙር ከመግባት በፊት ጥያቄው “ስንት ይደርሰኛል” ብቻ ሳይሆን “ስንት ሰዓት ነው” መሆን አለበት፤ በ20 ዶላር፣ ግብሩ ሳይነሣለት፣ በወር 50 ሰዓት ነው።

አገር ቤት ያለውን ቤተሰብ የሚረዳ ሰው በዚህ ሁሉ ላይ “ማን ይልክላቸው?” ይላል። ትክክል ነው። ግን የሚልከው የ61 ሰዓቱን 1,440 ዶላር ይሁን ወይስ የ72ቱን፣ ለተቀባዩ ለውጥ የለውም።

ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 ግብር የሚሠሩልን ሒሳብ አዋቂዎቻችን የአንድን ሰው ሁለት ደብሊው-2 (አሠሪው የሚሰጠውን የዓመት ደመወዝ ወረቀት) ጎን ለጎን የሚያዩ ብቸኛ ሰዎች ናቸው። ሰዓቱ ግን ደብሊው-2 ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ወደ እነሱ ስትሄዱ የሁለቱንም ቤት የዲሴምበር የመጨረሻ ፔይስተብ ያዙ። የዓመቱ ጠቅላላ ሰዓት ከተጻፈበት ሁለቱን ደምሮ ለ52 ማካፈል፣ ካልተጻፈ ደመወዙን በሰዓት ክፍያው ማካፈል፤ ከዚያ የሁለተኛውን ሥራ ገቢ የመኪናውን፣ የሞግዚቱንና የግብሩን ወጪ አንሥቶ በሰዓቱ ብዛት ማካፈል። የሚወጣው ቁጥር ከ20 ዶላር ምን ያህል እንደሚያንስ ከዚያው ወንበር ሳይነሡ ይታያል።