ፍሬን ማን ነው?

ቤታችን ውስጥ አንዲት ትራፊክ ፖሊስ አለች። ኮፍያ የላትም፤ ፊሽካም የላትም። ዕድሜዋ 15 ነው። ልጄ ናት። መኪና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች፣ ቀና እንኳ ሳትል «ዳዲ፣ አልቆምክም» ትለኛለች።

«ቆሜአለሁ!»

«ቀስ ነው ያልከው። ጎማው መቆም አለበት።»

ጎማው! እኔ መሪ ከጨበጥኩ 26 ዓመቴ ነው። መስቀል አደባባይን መብራት ሳይኖረው፣ መኪና ከየአቅጣጫው እየጎረፈ፣ በዓይን ብቻ ተደራድሬ የተሻገርኩ ሰው ነኝ። አሁን ጋርላንድ ቴክሳስ ውስጥ፣ ድመት እንኳ በማያልፍበት መስቀለኛ መንገድ፣ ለአንዲት «ስቶፕ» ምልክት ተዋረድኩ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። እዚህ ስቴት ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመንዳት ትምህርት ሳይማር መሪ አይነካም። ትምህርቱን ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ኦንላይን መውሰድ ይችላል። ከዚያም የባሰ አለ። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ወላጅ የራሱን ልጅ እንዲያስተምር ፈቅዷል። ባለቤቴ የመንጃ ትምህርት ቤቶችን ዋጋ አየች። ከዚያ ዞራ እኔን አየች። በቃ፣ መምህር ሆንኩ።

ስለ መምህርነት የማውቀው የራሴን መምህር ነው። አዲስ አበባ ስማር መኪናዋ አሮጌ ላዳ ነበረች። በአስተማሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬን ተገጥሞላታል። የከፈልኩት ለመማር ቢሆንም፣ ብዙውን ሰዓት ያሳለፍነው የእሱን ጉዳይ ስናስፈጽም ነው። አንድ ቀን መርካቶ ሄደን የእህቱን በርበሬ ጭነን መጣን። እያስነጠስኩ ዳገት ላይ መነሳት የለመድኩት ያን ቀን ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

የልጄ ትምህርት በርበሬ የለውም። ዝርዝሩ ሲመጣ ቁጥር ብቻ ነው። 24 ሰዓት ኮምፒውተር ላይ። 7 ሰዓት እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስትነዳ። 7 ሰዓት ደግሞ ሌላ ሰው ሲነዳ ቁጭ ብላ ስታይ። በዚያ ላይ 30 ሰዓት ልምምድ፣ ከ30ው 10ሩ በጨለማ። የኮምፒውተሩን የመጀመሪያ 6 ሰዓት ስትጨርስ ፈተና ትፈተናለች፤ ካለፈች ወደ ፐርሚቱ፣ ማለትም ወደ መለማመጃ ፈቃዱ፣ ትሄዳለች።

ቀላል መስሎኝ ነበር። በተለይ የኮምፒውተሩ። ልጆቻችን ኮምፒውተር ላይ ተወልደው የለ? ለካ ኮርሱም ይህንን ያውቃል። እያንዳንዱ ገጽ ሰዓት አለው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ጽሑፍ ላይ ስምንት ደቂቃ ይዟት ይቆያል። «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ ይጠብቃል።

ያኔ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ሶፋው ላይ ሆና ልጅቱን ታያለች።

«ምን ሆና ነው ፈዛ የቀረችው?»

«ሰዓቱ እስኪሞላ ገጹ አይዞርም፣ እማዬ።»

«አንብባ ጨርሳለች?»

«አዎ።»

«እንዲያ ከሆነ አላመናትም ማለት ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴና ኮርሱ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ኮርሱ በእርግጥም አያምንም። በየመሀሉ ድንገት ብቅ ብሎ ማንነቷን ይጠይቃታል፤ ሌላ ሰው ተቀምጦላት እንዳይሆን ነው። አንዱ ጥያቄ «የእናትሽ ስም ከጋብቻ በፊት ማን ነበር?» ይላል። ባለቤቴ ከጋብቻ በፊትም በኋላም ያቺው ናት። የአባቷን ስም ለኔ ብላ አልጣለችም፤ እኔም ጣይልኝ አላልኩም። ልጄ መልሱን ስትጽፍ እናቴ ምን እንደተጠየቀች አስተረጎመች። ሰምታ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ቡናዋን አስቀምጣ፣ «ሲዳሯት ስሟን ይቀሟታል እንዴ?» አለች።

ልጄ የመጀመሪያዋን 6 ሰዓት ጨርሳ ተፈተነች። 30 ጥያቄ ነው፤ 21 ያገኘ ያልፋል። 29 አገኘች። ለአንዷ ይግባኝ ልትል ስትነሳ በግድ አስቀመጥናት። እልል ተባለ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ደስታው ልቤን ነፍቶት «እስቲ ለእኔ ጠይቂኝ» አልኩ። ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ነበር።

«ክላክስ የሚነፋው መቼ ነው?»

ይሄማ የኔ ነው። አንዴ አጠር አድርገህ ከነፋህ ሰላምታ ነው። ሁለቴ ከሆነ «እንዴት ነው? ጠፋህ!» ማለት ነው። ረዘም ካለ ስድብ ነው። ተደጋግሞ ከተነፋ ሰርግ ነው። ልጄ በትዕግሥት አዳምጣ ጨርሳ መልሱን አነበበችልኝ። ለደኅንነት አስፈላጊ ሲሆን ብቻ። ያ ሁሉ ቋንቋ በአንድ መስመር አለቀ።

«ከፊት ለፊት መኪና ሲመጣ ረጅሙን መብራት በስንት ጫማ ርቀት ላይ ዝቅ ታደርጋለህ?»

ጫማ! እኔ በሜትር አድጌ በጫማ ልፈተን? ደግሞም እኛ አገር ረጅም መብራት ቦግ ማድረግ ሌላ ትርጉም አለው። ወይ «መጣሁብህ» ነው፣ ወይ «ወንድሜ፣ ወደፊት ትራፊክ ቆሟል» ነው። መልሱ 500 ጫማ ነው። ከእሳት አደጋ የውኃ ቧንቧ ስንት ጫማ ርቀህ ትቆማለህ? 15። እኔ እስከዛሬ ስቆም የማየው ጥላ መኖሩን ነው።

በአጭሩ 19 አገኘሁ። መምህሩ ወደቀ። ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ወጥ ላማስል ብላ ተነሳች። ወጥ አልተጣደም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ክብሬ አልተመለሰም። ፐርሚቱ ወዲያው መጣ። ትምህርት ቤቷ የምትማር ስለመሆኗ ወረቀት ጻፈላት፣ ዓይኗን አየት አየት አደረጉ፣ ፎቶ ተነሳች፤ ይኸው ነው። መከራው ያ 7 ሰዓት «ሰው ሲነዳ ማየት» የሚባለው ነው። ሰው ማለት እኔ ነኛ። ልጄ ደብተር ይዛ ገባች። ሥራ ውዬ ስመለስ፣ ወተት ልገዛ ስሄድ፣ 635 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስገባ ትጽፋለች። አንድ ቀን ረስታው ወርዳ ገልጬ አየሁት። «ፍሬቻ፦ ከታጠፈ በኋላ ያሳያል» ይላል። «ቀይ ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አይቆምም። ሰላም ይላል።» ሰላም ያልኩት እግረኛ ጎረቤታችንን ነው፤ እሱንም ጽፋዋለች።

አሁን እሷ የምትነዳበት ቀን ደረሰ። ቅዳሜ ረፋድ የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ባዶ ስለሆነ ወደዚያ ሄድን። ባዶ ነው ያልኩት ለካ ለመኪና ነው። ጽዳት የመጡ፣ ጠበል የመጡ፣ ዝም ብለው የመጡ ነበሩ። ሀበሻ በተሰበሰበበት ደግሞ ሹፌር አይጠፋም። አንዱ ታክሲ ነድቷል፣ አንዱ ኡበር ላይ ነው፣ አንዱ ትራክ ይዞ ካሊፎርኒያ ደርሶ መምጣቱ ነው። ሁሉም በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«የኔ ልጅ፣ መሪውን አትፍሪው።»

«አይ፣ ትንሽ ትፍራው! ፍርሃት ጥሩ ነው።»

«ስፖኪዮውን አስተካክይላት እንጂ አንተ!» አለ ባለትራኩ። ለእኔ ነው፤ «አስተካክይላት» ያለኝ ተደናግጦ ነው።

እናቴ ከኋላ ወንበር ሆና የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አማትበሻል?»

የኮርሱ ዝርዝር ውስጥ ማማተብ የለም። ወንበር፣ መስታወት፣ ቀበቶ ነው የሚለው። ልጄ ግን ሕግ አክባሪ ናት፤ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ጨምራ ጻፈችው። ቀጥሎ እጅ መሪው ላይ ይቀመጣል፤ ግራው 9 ሰዓት ላይ፣ ቀኙ 3 ሰዓት ላይ። እናቴ «በማን ሰዓት?» አለች። ሁላችንም ቆም ብለን አሰብን። የፈረንጅ 9 በእኛ 3 ነው፤ የፈረንጅ 3 በእኛ 9 ነው። በየትኛውም ብትቆጥረው መሪው ያው ተይዟል። ሁለቱ ሰዓቶች ያለ ጭቅጭቅ ሲስማሙ ያየሁት እዚያች መሪ ላይ ብቻ ነው።

ሞተር ተነሳ። መኪናዋ መንቀሳቀስ ጀመረች። ትንሽ ሄድን። ከዚያ ነዳጁን ረገጥ አደረገችውና ወደ አጥሩ ቀረብን።

«ፍሬን!» አልኩ።

ዝም።

«ፍሬን! ፍሬን!»

«ማን ነው እሱ?» አለች ልጄ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች። ጓደኛ የጠራሁ መስሏታል። አጥሩ ሁለት ክንድ ሲቀረው ባለቤቴ ከኋላ «ብሬክ!» ብላ ጮኸች። ቆምን። የእናቴ ነጠላ ፊቷ ላይ ነበር።

ትምህርቱ ለዚያ ቀን ወደ ቋንቋ ተቀየረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ስፖኪዮ፣ ኮፈን፣ ጎማ። በኩራት ዘረዘርኩላት፤ ልጄ አማርኛዋ እንዳይጠፋባት ሁሌ እሰጋለሁ። እሷ ስልኳ ላይ ፈለገች። «ዳዲ፣ ይሄ እኮ ጣልያንኛ ነው።» ሁሉም? ሁሉም። ጣልያንን በ1933 ዓ.ም. ከአገር አስወጣነው እንጂ ከመኪናው አላስወጣነውም ለካ። እንግዲህ እኔ ልጄን በቴክሳስ ፈቃድ፣ በኮሪያ መኪና፣ በአማርኛ ጣልያንኛ ሳስተምር ነው የከረምኩት። «መሪ» የእኛ መሆኗን ስሰማ ልቤ ትንሽ ተመለሰ።

የልምምዱ መዝገብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ቀኑን፣ የተነሳንበትን ሰዓትና የቆየንበትን ጊዜ እንሞላለን። የመጀመሪያውን ማታ የሞላሁት እኔ ነኝ። ራት በልተን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወጥተን ስለነበር እንደዚያው ጻፍኩ። 2፡00፣ ማታ።

«ዳዲ፣ ሌሊት 2 ሰዓት ላይ ነው የነዳሁት?» አለች። ቴክሳስ የሚያነበው እንደዚያ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ከእንቅልፏ ቀስቅሶ፣ ዶሮ ሳይጮኽ ጎዳና ላይ የሚያወጣ አባት። በነጭ ቀለም አጠፋሁት። ነጭ ቀለም ደግሞ የተጭበረበረ ያስመስላል ብላ አዲስ ወረቀት አተመች። እናቴ በበኩሏ 10 ሰዓት ማታ መነዳት አለበት መባሉ ግራ ገብቷታል። «10 ሰዓት እኮ ገና ፀሐይ ነው። ምኑ ነው ማታ?» ብዛቱ ነው እንጂ ሰዓቱ አይደለም ብዬ ሳስረዳ አመሸሁ።

ወደ ሰኔ፣ ወደ ሐምሌ ሲኬድ ቴክሳስ ውስጥ ቶሎ አይመሽም። ስለዚህ የማታውን ከወዲሁ ማሟጠጥ ነበረብን። ትንሣኤ መጣልን። የቅዳሜ ሌሊት ቅዳሴ! ጨለማው እንደ ልብ ነው። ልጄ መሪውን ያዘች፤ እኔ ከጎኗ፣ ባለቤቴና እናቴ ከኋላ፤ ሁላችንም ነጭ በነጭ። ዶሮው ቤት ተሠርቶ ይጠብቀናል። ማማተቡ ተፈጸመ። ቀበቶ ታሰረ። እናቴ ነጠላዋን ከቀበቶው በላይ ይሁን ከበታች ጥቂት ተከራከረች።

ልጄ አነዳዷ ጥሩ ሆኗል፤ ይሄን አልክድም። ከእኔ ይሻላል ያለችው ባለቤቴ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት መታጠፊያ ሲቀረው አራት በኩል «ስቶፕ» ያለበት መገናኛ ደረስን። በአራቱም በኩል መኪና አለ። በአራቱም መኪና ውስጥ ነጭ ነጠላ።

ኮርሱ ይህንን አስተምሯል። ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ይሄዳል። እኩል ከቆሙ በስተቀኝ ላለው ይለቀቃል። በቀኛችን ያሉት አባት ግን በእጃቸው «እለፉ» አሉን። እኔ መስኮት ዝቅ አድርጌ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» አልኩ። ከፊት ያለችው ሴትዮ ለሁላችንም እጇን ዘረጋች። በግራ ያለው ልጅ አንገቱን ሰበረ። «ኧረ በሞቴ!» «ኧረ በዚህ ሌሊት!» ልጄ ሁለት እጆቿን 9 እና 3 ላይ እንዳደረገች ቀረች።

ከኋላችን አንድ ፒካፕ መጣ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ በጎናችን ዞሮ፣ አራታችንንም ጥሎ ሄደ። ልጄ ጥፋቱን በጣቷ ቆጠረች፤ ሦስት ደረሰች።

«ተይው» አለች እናቴ። «እሱ አልጾመም።»

ቤት ስንመለስ መዝገቡን የሞላችው ልጄ ናት። ቀን፣ የመነሻ ሰዓት፣ «ማታ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት። የቆየንበት ጊዜ 32 ደቂቃ ይላል። ከጎኑ በትንሹ ጽፋበታለች። «11ዱ ስቶፕ ላይ።»