የሐረሯ ፔጆ ከእናንተ «የአገር ባጃጅ» ይልቅ አገርኛ ናት

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬዳዋ በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ለባለ ባጃጆች የአገር ፍቅር ትምህርት ሰጥተው ሄዱ። ስማቸውን አልጠራም፤ ነገሩ የእሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕርም ባላነሣሁ። አገር ውስጥ የተገጣጠመችውን ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ትቶ የሕንዷን የሚያሳድድ ሹፌር «የስም አምላኪ» ነው አሉ። ይህም ይሁን። ቀጠሉና «አገሩን የሚወድ የአገሩን ባጃጅ ይገዛል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ኋላ ወንበር ላይ የነበርነው እኔና የእህቴ ልጅ ግን ተያየን። እርሱ የአገሩን ባጃጅ ገዝቷል። ግቢያችን ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ቆማለች፤ ከተገዛች አራት ወሯ ነው።

ወደ እርሷ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን «የአገሩን ባጃጅ» የምትለውን ቃል ሳልነካ አላልፍም። ባጃጅ የሰው ስም ነው። ጃምናላል ባጃጅ የጋንዲ የቅርብ ሰው፣ ሕዝቡ የእንግሊዝን ጨርቅ አውልቆ በእጅ የተፈተለውን የአገሩን ካዲ እንዲለብስ ሲወተውት የኖረ ሕንዳዊ ነጋዴ ነበር። ዛሬ ሦስት እግር ያለውን ሁሉ፣ ቲቪኤስም ይሁን ሌላ፣ በእርሱ ቤተሰብ ስም እንጠራለን። የሕንድን ስም አታምልኩ ብለው መድረክ የወጡት ሰው ለራሳቸው ዕቃ መጠሪያ አጥተው ከዚያው ከሕንዱ ቤት ተበደሩ። ሲወርዱ እንኳ ስሙን አልመለሱም።

አሁን ወደ ኒም ዛፉ። የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመት የሰው ባጃጅ ነድቷል። ዕቁቡ ሲደርሰው የራሴን ልግዛ አለ። ጓደኞቹ ያገለገለችም ብትሆን የለመድናትን ግዛ አሉት። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቤንዚን ለመቅዳት ከመሰለፍ ትገላገላለህ፣ መብራቱ የራሳችን ነው፣ ደግሞም የአገር ልጅ የሠራት ናት ብዬ ጎተጎትኩት። ሰማኝ። የመጀመሪያውን ወር «ድምፅ የላትም፣ እንደ ድመት ነው የምትሄደው» እያለ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አሳፈረ። በሦስተኛው ወር ከሳቢያን ወደ ከዚራ ሰው ጭኖ ሲመጣ መንገድ መሀል ቀጥ አለች። ኮንትሮለሩ ነው ተባለ፤ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥን፣ ከመቀመጫው ሥር የተሸጎጠ፣ ከጸሎት መጽሐፍ የማይበልጥ ሣጥን። ሻጩ ዘንድ ሄድን። ያነጋገረችን ልጅ ትሑት ናት። ኮምፒውተሯን አየችና «ጋሼ፣ ዕቃው ከውጭ ታዝዟል» አለችኝ።

ከውጭ! አገር ውስጥ የተሠራች ተብላ የተሸጠች ተሽከርካሪ ታመመችና መድኃኒቷ ከውጭ ታዘዘ። የሕንዷ ብትሆን ኖሮ ልጁ መለዋወጫ ተራ ደርሶ ዕቃውን ገዝቶ ለማታው ሥራ ይደርስ ነበር። የውጭዋ ዕቃ ድሬዳዋ ውስጥ አለ፤ የአገር ውስጧ ዕቃ ውጭ አገር ነው። ይህን ቅኔ የፈታልኝ ሰው እስካሁን የለም።

የድሬ ባለ ባጃጅ ስም አያመልክም። የሚያመልከው ነገር ቢኖር መለዋወጫ ነው። የፍሪሲዮን ካቦ ሲበጠስበት፣ ካንዴላ ሲያስቸግረው፣ የፍሬን ሸራ ሲያልቅበት፣ ከቆመበት በእግሩ ሄዶ የሚገዛበት ሱቅ አለ። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው ቢያስደነግጥም ዕቃው አለ። ኦሪጅናሉ ቢጠፋ ተመሳሳዩ አለ፤ ተመሳሳዩ ቢጠፋ ከሞተች ባጃጅ የተፈታ አለ። ገና ከማዶ ድምፅዋን ሰምቶ «ቫልቩ ላልቷል» የሚል መካኒክ አለ። ልሽጣት ቢል በዚያው ሳምንት ገዢ አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ሲናገሩት ነው «ባጃጅ ይሻላል» የሚሉት። ኃላፊው የሰሙት ስም ብቻ ነው፤ ከስሙ ኋላ የተሰለፈው ሱቅ፣ መካኒክና ገዢ አልታያቸውም።

ይህን ለመረዳት የምጣኔ ሀብት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ደንገጎን ወጥቶ ሐረር መድረስ ይበቃል። ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ለዓለም ታየች። ፈረንሳይ ውስጥ መመረቷ በ1975 አበቃ፤ የመጨረሻዎቹም ኬንያ ውስጥ እስከ 1991 ነው የተሠሩት። ሐረር ግን ይህን መርዶ የሰማች አይመስልም። ቁጥራቸው ዛሬ ቢመናመንም ሰማያዊዎቹ ፔጆዎች የጀጎልን ግንብ ተደግፈው ተሳፋሪ ሲጠብቁ ያየ ያውቃል። የወለደቻት አገር ከረሳቻት ግማሽ ምዕት ዓመት ያለፋትን መኪና ሐረር ይዛ የቀረችው ለፈረንሳይ በነበራት ፍቅር ይመስላችኋል?

አንድ የሐረር ታክሲ ነጂ ኮፈኑን ከፍተው ሲያሳዩኝ ያሳለፍኩት አንድ ሰዓት ከስብሰባው ሙሉ ቀን የበለጠ አስተምሮኛል። ይህ ከሌላ መኪና የመጣ ነው አሉኝ በጣታቸው እየነኩ። ይህን የነሐስ ቡሽ ቶርኖ ቤት አስቀርጬዋለሁ። ይህችን ቧንቧ ራሴ ነኝ በእሳት ያጠፍኳት። ይህ ዳዶ ከጭነት መኪና ነው፣ ጥርሱ ስላልገጠመ እንደገና ተቀርጾለታል። የመቀመጫውን ልብስ ያሰፋሁት እዚሁ መኪና ግርግር መንገድ ላይ ነው። ራዲያተሩን ስንት ጊዜ እንዳስበየዱት ረስተውታል። ታዲያ የፈረንሳይ የቀረው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። አሰብ አደረጉና ግንባሯ ላይ ያለውን አንበሳ አመለከቱኝ። ወዲያው ደግሞ «እርሱም በኋላ የተገዛ ነው» አሉ።

ይህች መኪና የት ነው የተሠራችው? እኔ ያለ አንዳች ማመንታት ሐረር ነው እላለሁ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተሠራች፣ የፈረንሳዩ ክፍል በወጣ ቁጥር የሐረሩ እየገባ፣ አሁን ሙሉ በሙሉ የአገር ልጅ ሆናለች። በሣጥን መጥታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብሎኖቿ የጠበቁላት ባለ ሦስት እግር ግን ከፊቷ ባንዲራ ከመለጠፏ በቀር ከየት እንደመጣች ራሷ ትመሰክራለች። የእህቴ ልጅ ተሽከርካሪ በታመመች ጊዜ «ከውጭ ታዝዟል» ተባለች፤ ፔጆዋ በታመመች ጊዜ ቶርኖ ቤት ትሄዳለች። የተሽከርካሪ አገሩ የታመመ ዕለት የሚታከምበት ነው።

ቶርኖ ካልኩ አይቀር፣ ይህ ከተማ የተወለደው ከብረት ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲገባ ድሬዳዋን ወለደ፤ ወርክሾፑንም አብሮ ተከለ። ሎኮሞቲቭ ተሰብሮ ዕቃ ከማርሴይ በመርከብ ጅቡቲ እስኪደርስ ቁጭ ብሎ አይጠበቅም። ስለዚህ እዚሁ ይቀረጽ፣ እዚሁ ይቀለጥ፣ እዚሁ ይገጠም ነበር። የድሬ ልጅ ብረት ማናገር የተማረው ከዚያ ግቢ ነው። ዛሬም ግቢው ውስጥ ያሉትን አሮጌ ማሽኖች ያየ ሰው «ማምረት» ስለሚባለው ነገር የኃላፊ ገለጻ አያሻውም። ጥጥ በአንድ በር ገብቶ በሌላው በር ጣቃ ሆኖ ሲወጣ ያየ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ እናቱ ወይም አባቱ ፈረቃ የገቡለት ሕዝብ ነው። ለዚህ ሕዝብ የአገር ምርት ምን እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

በነገራችን ላይ መኪና ግርግር የሚባለው የጀጎል መንገድ ስሙን ያገኘው ከፔጆዎቹ አይደለም፤ ከልብስ ስፌት መኪናዎች ጩኸት ነው። እዚያ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ መኪናው የማን አገር ሥሪት እንደሆነ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ከእጁ የሚወጣው ቀሚስ የሐረር መሆኑን ግን ማንም አይጠራጠርም።

በተበታተነ አካል የሚገባ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ነው፤ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ ይከፍላል፤ ሙሉ ሆኖ የሚመጣው 15 በመቶ። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ሥራ እዚህ እንዲፈጠር ነው። ግን ከ0 እስከ 15 ባለው ክፍተት ውስጥ ያለው የነጋዴ ሒሳብ ነው፤ ስሙን ቀይሮ የአገር ፍቅር ነው ብሎ ለሹፌር ማቅረብ ነውር ነው። ብሎኑ ከውጭ፣ ዳዶው ከውጭ፣ ሮንዴላው ሳይቀር ከውጭ፤ የእኛ ማጥበቁ ብቻ ነው። የሚያጠብቀውን ወጣት አልንቅም፣ ደመወዙ ይባረክለት። ካቻቢቴ ግን ፋብሪካ አይደለም።

ስም ቀይሮ መሸጥንም ሞክረነዋል። ሆላንድ ካር የቻይናዋን ሊፋን 520 «አባይ» ብሎ ሲያወጣት ደስ ያላለው ማን ነበር? ኩባንያው ከሰረ። ባለ አባዩ መለዋወጫ ፍለጋ ሲወጣ በየሱቁ ሊፋን ብሎ ነው የጠየቀው እንጂ አባይ ብሎ አይደለም። በሌላ በኩል አምቼ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ከባድ መኪና ሲገጣጥም የጅቡቲ መንገድ ሾፌር አዳራሽ ተጠርቶ አገርህን ውደድ አልተባለም። ጭነቱን ጭኖ አዋሽን ተሻግሮ ሲመለስ አመነበት፣ በቃ።

ሕንድንስ ተመልከቱ የሚሉ አሉ፣ ሕዝቡ የራሱን እየገዛ አሳደገው ይላሉ። ተመለከትን። ባጃጅ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲጀምር የውጭ ስኩተርና ባለ ሦስት እግር እያስመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። የማምረት ፈቃድ ያገኘው በ1959 ነው፤ እስከ 1971 ድረስም የጣሊያኑን የፒያጅዮን ቬስፓ በውል ነው የሠራው። ሕንዳዊው ሰው ከዚያ በኋላ የመጣችውን የባጃጅን ስኩተር ቼታክን ለመግዛት ዓመታት ወረፋ የጠበቀው በአገር ፍቅር እየተቃጠለ አይደለም፤ ገበያው ዝግ ስለነበር ሌላ መሄጃ ስላልነበረው ነው። በ1991 በሩ ሲከፈት ስኩተሩን ጥሎ ወደ ሞተር ሳይክል ሮጠ። ያን ጊዜ ኩባንያውን ያተረፈው በእነዚያ የወረፋ ዓመታት ክፍሎቹን አንድ በአንድ እዚያው መሥራት መልመዱ ነው። ፍቅርማ በማግስቱ ነበር የከዳው። እኛ ከዚህ ታሪክ የወሰድነው ወረፋውን ብቻ ነው፤ አሁን ደግሞ ተሰላፊውን አገር አትወድም እንለዋለን።

አንድ ነገር ልቀበል። በነዳጁ ነገር ልክ ናቸው። ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን የሚያባክን ሹፌር የማንም ወዳጅ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ በእርግጥ የእኛ ነው። ለዚያ ነው እኔም የጎተጎትኩት። ኃጢአቴን ተናዝዣለሁ።

ባለፈው ዓርብ የሰፈራችን መካኒክ መጣ። የባጃጅ ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታና የሚገጥም ሰው ነው። እስኪ ልሞክራት ብሎ ኮንትሮለሩን አወጣና አራቱን ብሎኖች ፈትቶ ክዳኑን አነሣ። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሙጫ ፈሶበት ደርቋል። ሽቦ አይታይ፣ ክፍል አይለይ። በካቻቢቴው ጫፍ ጥቂት ፋቀው፣ ወደ ብርሃን አዘነበለው፣ ከዚያ መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠው። «ጋሼ፣ ይህ እንዳይጠገን ነው የተሠራው» አለኝ። የዚያን ሰው ፊት ኃላፊው ቢያዩት እወድ ነበር። ሃያ ዓመት ከብረት ጋር ሲነጋገር ኖሮ መልስ የማይሰጥ ዕቃ እጁ ገብቷል።

እንግዲህ የአገር ምርት ግዙ የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ሙጫ ያስነሣልን። መካኒኩ ከፍቶ የሚያየው፣ ቶርኖ ቤቱ የሚቀርጸው፣ ሱቁ መደርደሪያው ላይ የሚደረድረው ነገር ይስጠን። ያኔ ስብሰባም አበልም አያስፈልግም፤ ባለ ባጃጁ ወሬውን ራሱ ያደርሰዋል።

ሁለተኛ ዙር ስብሰባ እንዳለ ሰምቻለሁ። እኔና የእህቴ ልጅ እንመጣለን፤ እርሷንም ከኒም ዛፉ ሥር አውጥተን እየገፋን እናመጣታለን። ጥበቃው በር ላይ «ተሽከርካሪ አይገባም» እንዳይለን ከወዲሁ ይነገረው፤ ለጊዜው ተሽከርካሪ አይደለችም።