ተመስጦ ሐሳብን ማባረር አይደለም

ስለ ተመስጦ (ሜዲቴሽን) ያወጡት ጽሑፍ «በተመስጦ ጊዜ አእምሮን ከሐሳብ ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል» ይላል። በዚህ አልስማማም። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ለወራት ከራሴ ጋር ስታገል ነበር። በ1979 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የስምንት ሳምንት የተመስጦ ሥልጠና የሚያስተምረው፣ ሐሳብ ሲመጣ ሳይፈርዱ አስተውሎ ወደ ትንፋሽ መመለስን ነው።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ጎህ ሲቀድ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። አየሩ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ሲገባ ቀዝቀዝ፣ ሲወጣ ሞቅ ይላል። ብዙም ሳይቆይ የቤት ኪራዩ ሐሳብ ይመጣል፤ ከታች የታክሲ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል ልቤ አብሮ ይሳፈራል። ያን ጊዜ «ይህ ሐሳብ ነው» ብዬ ወደ ትንፋሼ እመለሳለሁ። በ10 ደቂቃ 20 ጊዜ ብመለስ፣ 20 ጊዜ ነቅቻለሁ ማለት ነው። እባክዎ ይህን ያስተካክሉልን፤ ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።