ስበር፣ ፍታ፣ ቁም

ከባድ መኪና ወደ ፊት መንዳት ብዙ ሰው ይችላል። ሹፌር የሚለየው የኋላ ማርሽ ሲገባ ነው። ይህን ልጅ ሆኜ ከጂቡቲ መስመር ሹፌሮች እሰማው ነበር። የገባኝ ግን አሜሪካ መጥቼ ለሲዲኤል፣ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ስማር፣ ኮኖች መሃል 53 ጫማ ተሳቢ ወደ ኋላ መልስ ስባል ነው። 53 ጫማ 16 ሜትር ገደማ ነው። ሳቢው፣ ማለትም ሞተሩና ጋቢናው ያለበት የፊቱ መኪና፣ ሲጨመርበት ከ20 ሜትር ያልፋል።

ወደ ኋላ እየሄድክ መሪውን ወደ ግራ ስታዞር የተሳቢው ኋላ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጭንቅላት ይህን ቶሎ አይቀበልም። አሰልጣኜ ዘዴ ነገረኝ፤ እጅህን ከመሪው ታች ያዝ፣ ተሳቢው እንዲሄድ ወደምትፈልግበት እጅህን ውሰድ። ይህ በአንድ ቀን ይለመዳል። የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው። ተሳቢው መታጠፍ ከጀመረ በኋላ ሳቢው ሊከተለው ይገባል። ካልተከተለው እጥፋቱ እየባሰ ይሄድና ተሳቢው ጋቢናውን ሊመታ ይደርሳል። ስለዚህ መሪውን ትንሽ ሰብሮ፣ ማለትም አዙሮ፣ ቶሎ መፍታት፣ ማለትም መመለስ ነው፤ ነዳጅ ሳይረግጡ፣ ቀስ እያሉ። ከተበላሸ ወደ ፊት ወጥቶ አስተካክሎ እንደገና መግባት። እኔ ብዙ ቀን የቆየሁት እዚህ ላይ ነው። አብዝቼ እሰብራለሁ፣ ዘግይቼ እፈታለሁ።

ስበርና ፍታ የረዳት ቃላት ናቸው። አገር ቤት መኪናው ማራገፊያ ሲደርስ ረዳቱ ዘሎ ይወርዳል። "ና፣ ና፣ ና፣ ቀኝ ስበር፣ ፍታ፣ ፍታ፣ ቁም!" ሹፌሩ ካልሰማው ቦዲውን በመዳፉ ደብደብ ያደርገዋል። መኪናው እንደቆመ ታኮውን ጎማው ስር ይወሽቅለታል። ያ መኪና የሚመለሰው በሁለት ሰው ዓይን ነው። ደግሞ ከእነዚያ ተሳቢዎች ብዙዎቹ የራሳቸው የፊት ጎማ ስላላቸው የሚታጠፉት ሁለት ቦታ ነው። እዚህ የምጎትተው አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚታጠፈው። የእነሱ እጅግ ይከብዳል። ለእነዚያ ሹፌሮች የሚገባቸውን ክብር ሰጥተናቸው አናውቅም።

ረዳቱም ሙያውን የሚቀስመው እንዲሁ ነው። ዓመታት ከኋላ ቆሞ ጎማውን እያየ። መሪ ከመያዙ በፊት ተሳቢ እንዴት እንደሚታጠፍ ያውቀዋል። እዚህ ትምህርቱ የሳምንታት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የፌዴራል ሕጉ ጀማሪ ሁሉ በተመዘገበ ማሰልጠኛ እንዲያልፍ ያዛል፤ ግን መሪ ላይ ስንት ሰዓት ይቀመጥ የሚል ቁጥር የለውም። አሰልጣኙ በቅቷል ካለ በቃ።

ከዚያ ብቻህን ነህ። ረዳት የለም። በረዳት ፋንታ "ጎል" የሚባል ደንብ አለ፤ ውረድና እይ ማለት ነው። ፍሬኑን ያዝ፣ ውረድ፣ ዞረህ ተመልከት፣ ተመለስ። እኛ ዘንድ ሹፌር ወርዶ ሲያይ እንዳልቻለ ይቆጠርበታል። ይህ ቢቀር ደስ ይለኛል። ረዳቱም ከተሳቢው ጀርባ መሃል ላይ ባይቆም። እዚያ ከቆመ የትኛውም ስፖኪዮ አያሳየውም።

ብቻዬን መንዳት በጀመርኩ ሰሞን አንድ ማታ ትራክ ስቶፕ፣ የከባድ መኪና ማደሪያ፣ ደረስኩ። በቀን የሚፈቀደው 11 የመንጃ ሰዓት ሊያልቅ ደቂቃዎች ቀርተውታል። አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ነበር፣ እሱም በቀኝ በኩል። ወደ ቀኝ ሲገባ የቀኙ ስፖኪዮ የሚያሳይህ የተሳቢውን ግድግዳ ብቻ ነው፤ ኋላው ተሰውሯል። ሦስት ጊዜ ወርጄ አየሁ። በአራተኛው አንድ ሽማግሌ ነጭ ሹፌር ነጠላ ጫማ አድርጎ ከጎን ካለው መኪና ወረደ። ምንም አልተናገረም። በግራ ስፖኪዮዬ ከማየው ቦታ ቆሞ ባትሪውን አበራ። ብርሃኑን ወደ ቀኝ ሲወስድ ሰበርኩ። ሲመልሰው ፈታሁ። ወደ ላይ ቀጥ ሲያደርገው ቆምኩ። ከዚያ ቦዲውን ሁለቴ በመዳፉ መታ መታ አደረገና ሊተኛ ሄደ።