ዲክንስ ለሸማኔው ቆሟል ወይስ አልቆመም?

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1854 በራሱ ሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ ያወጣው «ሃርድ ታይምስ» (ክፉ ጊዜ) ኮክታውን በተባለች ምናባዊ የፋብሪካ ከተማ የሚኖረውን የሸማኔውን የስቲቨን ብላክፑልን መከራ ይተርካል። ሁለት አንባቢዎች ተከራክረውበታል።

ነቃፊዋ፦ በባለፋብሪካው በባውንደርቢ አልናደድም፤ ክፋቱ የታወቀ ነው። የሚያናድደኝ ስላክብሪጅ የተባለው የሠራተኛ ማኅበር ተናጋሪ አሳሳል ነው፤ ጩኸት ብቻ! ዲክንስ እኮ እውነቱን በዓይኑ አይቷል። በዚያው ዓመት በጥር ወር ፕሬስተን ወደተባለችው የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ሄዶ፣ 10 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው የፋብሪካ በር የተዘጋባቸውን የጥጥ ሠራተኞች ጎብኝቷል። የስብሰባቸውን ሥርዓትና ትዕግሥታቸውን አድንቆ ጽፏል። ያ ሥርዓት ልብ ወለዱ ውስጥ ሲደርስ የት ገባ? ስቲቨን ማኅበር አልገባም ስላለ ጓደኞቹ ያገሉታል። ጨዋ ሠራተኛ ማለት እንደ ስቲቨን ምንም ሳይጠይቅ ጉድጓድ ገብቶ፣ ኮከብ እያየ የሚሞት ነው?

ደጋፊው፦ እህቴ፣ ስለ ስላክብሪጅ ያሉትን አልክድም። አይጠይቅም ያሉትን ግን አልቀበልም። የፍቺውን ምዕራፍ እንደገና ያንብቡት። ባውንደርቢ ምሳውን እየበላ ነው፤ ስቲቨን ከሰካራም ሚስቱ የሚላቀቅበትን መንገድ ሊጠይቅ መጥቷል። ብጎዳት የሚቀጣኝ ሕግ አለ? አለ። ጥያት ብሸሽስ? አለ። ሌላ ባገባስ? አለ። እንግዲያው የሚረዳኝን ሕግ አሳዩኝ ይላል። እርሱም አለ፤ ግን ከ1,000 እስከ 1,500 ፓውንድ ይፈልጋል! ይህ የደራሲ ማጋነን አይደለም። በዚያን ጊዜ ፈትቶ እንደገና ማግባት የሚቻለው ፓርላማ ለባለጉዳዩ ለብቻው ሕግ ሲያወጣለት ነበር፤ የፍቺ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም የተወሰነው በ1857 ነው። ድሃ በሕግ ፊት ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማን አሳየ?

ነቃፊዋ፦ ምዕራፉ ያማረ ነው። ነገር ግን የሽመናው መኪና የት አለ? ስቲቨን፣ የወዳጁ የሬቸል ታናሽ እህት ክንዷን በመኪና እንደተቆረጠች የሚናገርበት ቦታ ተጽፎ ነበር። ከመታተሙ በፊት ዲክንስ ራሱ አወጣው። ስለ ፋብሪካ በተጻፈ መጽሐፍ የሕፃኗ ክንድ ካልተነገረ ምን ሊነገር ነው?

ደጋፊው፦ በዚህ እኔም አዝናለሁ፤ መቅረት አልነበረበትም። ነገር ግን ስቲቨን ለምን ከሥራ እንደተባረረ ያስታውሱ። ባውንደርቢ ማኅበርተኞቹን እንዲያወግዝ ጠርቶ ሲያናግረው፣ እነዚያን ያገለሉትን ጓደኞቹን ስለተሟገተላቸው ነው።

ነቃፊዋ፦ ተሟግቷል፤ ግን በባለፋብሪካው ሳሎን! ከጓደኞቹ አንድም ሰው በቦታው አልነበረም።

ደጋፊው፦ የባውንደርቢ ሚስት ሉዊዛ ግን ነበረች። በዚያው ምሽት ቤቱ ድረስ ሄደች፤ በሕይወቷ የሠራተኛ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዘረጋችለት ገንዘብ 2 ፓውንድ ብቻ ወሰደ፤ እርሱንም ሊመልስላት፣ በብድር።